መጨረሻውን የተናገሩት ሽማግሌ

የሰው ምስጢር መያዝ ያን ያህል አይከብድም። እኔ ራሴ የአንድ ወዳጄን ጉድ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዤ ኖሬአለሁ፤ ብትለማመጡኝም አልነግራችሁም። የልብ ወለድ መጨረሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ገዳዩ ማን እንደሆነ ባወቀ በሩብ ሰዓት ውስጥ ምላሱን ይበላው ይጀምራል። እናንተ ገና ገጽ ሠላሳ ላይ ናችሁ፤ እሱ ጨርሶ መጥቶ አጠገባችሁ ይቆማል። «የት ደረስክ?» ይላችኋል። ትነግሩታላችሁ። «አሃ!» ይላል። በቃ፣ ያቺ «አሃ» መጽሐፉን ገደለችው። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን ትታችሁ የሰውዬውን ፊት ማንበብ ትጀምራላችሁ። እንዲህ ያለውን ሰው የሚቀጣ አንቀጽ የትኛውም አገር ሕግ ውስጥ ፈልጌ አጥቻለሁ።

የማወጋችሁ ነገር የሆነው ጅቡቲ ከተማ ነው፤ ሚሌኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ገደማ፣ እኔ አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ሰነድ ይዤ ከመስኮት መስኮት ስሯሯጥ። ጅቡቲ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የዚያ አገር ዋናው ሥራ መጠበቅ ነው። መርከብ ይጠበቃል። መርከቡ ሲመጣ ክሬን ይጠበቃል። ክሬኑ ሲገኝ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ይጠበቃል፤ ሰውዬው በበኩሉ ከድሬዳዋ የሚመጣውን ጫት ይጠብቃል። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ደግሞ ሙቀቱ ራሱ አዋጅ ያወጣና ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። ሹፌሮቻችን ተራቸው እስኪደርስ በየተሳቢያቸው ጥላ ሥር አንጥፈው ሳምንትም አሥር ቀንም ይከርማሉ። የንባብ ባህላችን እንዴት ይዳብር እያሉ ስብሰባ የሚጠሩ ሰዎች ሕዝቡን ወደብ በር ላይ አሰልፈው ቢተዉት ይበቃቸው ነበር።

መጽሐፉን ያመጡት ጋሽ ተሰማ ናቸው። ጋሽ ተሰማ በዚያ መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት ያሽከረከሩ፣ ሆዳቸው መሪውን የሚነካ፣ ድምፃቸው ጥሩምባ የማያስፈልገው ሰው ናቸው። መጽሐፉ ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለወደቀ ርዕሱንም ደራሲውንም የሚያውቅ አልነበረም። አንባቢው ግን በዝቶ ወረፋው ጠብ ሊያስነሳ ሲደርስ ጋሽ ተሰማ ካራቸውን መዘዙና ጀርባውን ሦስት ቦታ ሰነጠቁት። «ጭነት በአንድ መኪና አልሄድ ካለ በሦስት ይጫናል» አሉ። እያንዳንዱን ክፍል በጆንያ መርፌ ሰፉና በኮንቴይነር መጻፊያው ቀለም «1/3»፣ «2/3»፣ «3/3» ብለው ምልክት አደረጉበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? መጽሐፉ ጌጥ ሆነ። ችግሩ፣ የትኛው ክፍል በየትኛው መኪና እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። አንድ ሹፌር ሦስተኛውን ብቻ አንብቦ «ኧረ ማንም አልሞተም!» እያለ ሰው ሲከራከር ከርሟል።

ሞቷል እንጂ። ታሪኩ ባጭሩ ይኼ ነው፦ አንድ ዝምተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለ። ሚስቱ አንድ ቀን ማለዳ ሞታ ትገኛለች። ሰውዬው ያን ሌሊት ምን ሲያደርግ እንዳደረ አያስታውስም፤ አእምሮው ታሟል። የሚያክመው ዶክተር አለ፣ የሟች እህት አለች፣ ሁሉም ያጠራጥራሉ። በመጨረሻው ገጽ ሰውዬው መስተዋት ፊት ይቆምና «እኔ ነኝ» ይላል። አለቀ። ምኑን ነው እኔ ነኝ ያለው? ተናዘዘ ወይስ መልኩን ለየ? ደራሲው ይህን ሳይናገር እብስ ብሏል፤ እኛን አፋጅቶ።

ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት የነበራቸው ወይዘሮ ዘነበች «እህትየዋ ናት» ብለው ደመደሙ። ማስረጃቸው የሐዘን ልብሷ ነበር። «በማግስቱ ቀብር ላይ ልክክ ብሎ የተሰፋ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። የትኛው ልብስ ሰፊ ነው በአንድ ሌሊት እንዲህ የሚያደርስ? ቀድማ አሰፍታዋለች!» ጋሽ ተሰማ ይሥቁባቸዋል። «እኔ ነኝ አለ እኮ! ሠላሳ ዓመት ስነዳ ትራፊክ ፊት እኔ ነኝ ብዬ አላውቅም። ሰው ያላደረገውን ቀርቶ ያደረገውንም እኔ ነኝ አይልም።» እኔ በበኩሌ ዶክተሩን ነው የምጠረጥረው። ማዘዣው ላይ የጻፈው ቀን ከታማሚው መዝገብ ጋር አይገጥምም። ሰነዱ የማይገጥም ሰው እንዴት ንጹሕ ይሆናል? እንግዲህ እያንዳንዳችን ያነበብነው ሙያችንን እንደነበር አሁን ሳስበው ይገባኛል፤ ያኔ ግን እውነቱን የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬም እኔ ብቻ ነኝ።

ከአንባቢዎቹ ሁሉ የሚበልጡት ግን ሐጂ ዑመር ነበሩ። ሐጂ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ቡላኦስ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ከፍተው ሲነግዱ ጋሽ ተሰማ ጭነታቸውን ሲያመላልሱላቸው ኖረዋል። በዚያ ሰሞን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ማንበብ ተስኗቸው ነበርና፣ ሱቅ በሚዘጋበት ሰዓት ካርቲየ 2 ባለው ቤታቸው ጋደም ብለው ልጃቸው ነጃት ታነብላቸዋለች። ነጃት ደንበኛን በሶማሊኛ ተቀብላ፣ በዓረብኛ ተከራክራ፣ በፈረንሳይኛ የምትሸኝ ልጅ ናት፤ መጽሐፍ ስታነብ ግን በአማርኛ ነው፤ ድምፅዋም አባትየውን እንቅልፍ ያስረሳቸዋል። ሐጂ 1/3ንና 2/3ን ሰምተው ጨርሰዋል። 3/3ን የያዘው ሹፌር ጋላፊ ድንበር ሳይደርስ መኪናው ተሰብሮ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሐጂ በየቀኑ «መለዋወጫው መጣ?» እያሉ ይጠይቃሉ። የመኪናው ባለቤት እንኳ እንዲያ አልተጨነቀም።

አሁን ሳቢርን ላስተዋውቃችሁ። ሳቢር ቢሮዬ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ የድሬ ልጅ ነው። ጠንቃቃ፣ ታማኝ፣ ግን ዝምተኛ። ሁለት ዓመት ጎኑ ተቀምጬ ከአንደበቱ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር «ማኅተሙ ተገልብጦ ተመቷል» የሚል ነው። የሐጂን ጨርቅ ከወደብ የሚያስወጣው እሱ ስለሆነ ሰነድ ይዞ ሱቅ መመላለስ አበዛ። እኔ ሞኙ ሰነዱ መስሎኝ! አንድ ቀን ጠጋ አለኝና «ነጃትን ላገባት እፈልጋለሁ፤ እሷም ትፈልጋለች፤ ሽማግሌ ሁነኝ» አለኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ! እንዲህ ካደረገው ፍቅሩ እውነት ነው ብዬ ወዲያው እሺ አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆንን፤ ለዚሁ ጉዳይ ከድሬዳዋ የመጡት አጎቱ አቶ ጀማል፣ የሐጂ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናቸው ብለን የመረጥናቸው ጋሽ ተሰማ፣ እና እኔ። አቶ ጀማል መጽሐፉን አላነበቡም፤ ይህን ያዙልኝ። መጀመሪያ የሄድን ቀን እንደ ደንቡ «ዘመድ እናማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ተባልን። ከድሬዳዋ ሌላ ጠያቂ እንዳለም በጎን ሰማን፤ የሀብታም ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሐጂ በወሩ መጨረሻ ለሁለቱም መልስ ሊሰጡ ነው። ሳቢር ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን ምሳ አልበላም።

በቀጠሯችን ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድን። ሐጂ ፈገግ ብለው ተቀበሉን። ሻሂ ቀረበ። ወደ ጉዳዩ በቀጥታ አይገባምና ስለ ሙቀቱ ተወራ፣ ስለ ወደቡ ተወራ፣ ከዚያ ሐጂ ራሳቸው ስለ መጽሐፉ አነሡ።

«ያ ልጅ ንጹሕ ነው ወላሂ!» አሉ። «ሰው ሁሉ ዝም ስላለ ይጠረጥረዋል። ዝም ያለ ሁሉ ወንጀለኛ ነው እንዴ አቦ? እኔ እንዲያውም ዝምተኛ ሰው እወዳለሁ። ዝምተኛ ቤት አያፈርስም።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አየት አደረጉ። መልሱ እኮ ይኼው ነው! በወግ በወጉ ሳቢርን መቀበላቸው ነው! አንድ ጉንጭ ሻሂ ብቻ ቀርቶናል። ለካ ጋሽ ተሰማ ከጎኔ ሲቁነጠነጡ ቆይተዋል። ፊታቸው ቀልቷል፣ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኗል። ያን ሁሉ ሳምንት 3/3ን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ኖረዋላ።

«ምን ንጹሕ!» ብለው ፈነዱ። «ራሱ ነው የገደላት! መጨረሻ ላይ እኔ ነኝ ይላል!»

ከመጋረጃው ወዲያ ብርጭቆ ሲንኳኳ ሰማሁ። ነጃት ናት። ጋሽ ተሰማ ያን ጊዜ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ምን ዋጋ አለው፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሐጂ ቀስ ብለው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ልጄ ሃያ ቀን አነበበችልኝ፤ ያቺን አንዲት ነገር ሳልሰማ ልጠብቃት ብዬ ጆሮዬን ደፍኜ ኖርኩ» አሉ። «ሽማግሌ ማለት እኮ ነገር የሚሸፍን ነበር፣ ተሰማ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔም ዝምተኛ ነው ብዬ ልጄን ልሰጥ ነበር። ዝምተኛ እንዲህ ከሆነ፣ ይቅርብኝ። መልስ የለኝም፤ ሂዱ።»

ወጣን። አቶ ጀማል መንገዱን ሙሉ «ማነው የሞተው? የማን ዘመድ ነው?» እያሉ ይጠይቁን ነበር።

ሳቢር ራስ ዲካ ባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ወሬውን ስነግረው ባሕሩን ብቻ አየ። ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ። አንጀቴን በላኝ፤ እውነቱን ለመናገር አፍሬም ነበር። ሰው አምኖ የሰጠንን ጉዳይ በመጽሐፍ ክርክር አስበልተን መጣን። በመጨረሻ «መጽሐፉን አንብቤዋለሁ» አለ።

«ማነው ታዲያ ገዳዩ?»

«አይታወቅም» አለኝ።

አንድ ቃል ናት፤ ለእኔ ግን ብርሃን ሆነችልኝ። አይታወቅማ! ገዳዩ ካልታወቀ፣ ጋሽ ተሰማ የተናገሩት መጨረሻውን ሳይሆን የራሳቸውን አስተያየት ነው። አስተያየት ደግሞ መጽሐፍ አያበላሽም፤ ሌላ አስተያየት ከጎኑ እስከቆመ ድረስ። ስለዚህ ሁለተኛ ሽምግልና ማዋቀር ነበረብኝ፤ ልጅ የሚጠይቅ ሳይሆን መጽሐፍ የሚጠግን። ጋሽ ተሰማን «ተሳስቼ ይሆናል በሉ» ብዬ መለመን ጀመርኩ። እምቢ! «ተሳስቼ ይሆናል» ብለው እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ባለቤታቸውም ይመሰክራሉ። ከረጅም ድርድር በኋላ «ምናልባት» የምትል ቃል ለመወርወር ተስማሙ፤ እሷንም አንድ ጊዜ ብቻ። ወይዘሮ ዘነበችን ደግሞ ማንም አልለመናቸውም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀድመውን ደረሱ።

ቡላኦስ የሐጂ ሱቅ ስንገባ ሐጂ ቀና ብለውም አላዩንም። ወይዘሮ ዘነበች ግን ሰላምታም ሳያስቀድሙ «ሐጂ፣ ይኼ ሰውዬ ዋሽቶዎት ነው። እህትየዋ ናት!» አሉና ስለ ጥቁሩ ቀሚስ ጀመሩ። እኔ የዶክተሩን ማዘዣ አነሣሁ። ጋሽ ተሰማ «ምናልባት» አሉ፤ አሉና ወዲያው ተጸጽተው «ግን ራሱ ነው!» ብለው ጮኹ። ተጋጋልን። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸውና ቀሚስ በአንድ ሌሊት ይሰፋል አይሰፋም በሚለው ላይ ሳይወዱ ገቡበት። ጨርቅ ሊገዙ የመጡ ሁለት የሶማሌ ሴቶች ማን ሞተ ብለው ደንግጠው ሲጠይቁ የሱቁ ሠራተኛ በሶማሊኛ አስረዳቸው፤ አንደኛዋ አሰብ አደረገችና «ባልየው ነው» ብላ ከጋሽ ተሰማ ጎን ቆመች።

ሐጂ ቀስ በቀስ ፊታቸው ፈታ አለ። «ቆይ ቆይ» አሉ። «ሁላችሁም አንብባችሁ ሦስት ገዳይ? እንግዲያው ገና አልተነገረኝም ማለት ነው!»

«ኧረ ምኑ ተነገረዎት!» አልኩ።

«3/3 ይምጣ። ነጃት ታንብብልኝ። እኔ ነኝ የምፈርደው። ስለ ልጁም ያኔ እንነጋገራለን።»

ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው መኪናው ተጠግኖ 3/3 ገባ። ቅባት ጠግቦ ነበር። እኔው ራሴ ይዤው ካርቲየ 2 ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ነጃት ናት፤ ዓይኗ አብጧል። መጽሐፉን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ እውነት እሱ ነው የገደላት?»

«ሳቢር አይታወቅም ብሏል» አልኳት።

«ሳቢር? ተናገረ?» አለችና ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ሣቀች።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ተጠራን፤ ሦስታችንም። እውነቴን ነው፣ ያን ያህል ልቤ የመታው የራሴን ሽማግሌዎች የላክሁ ቀን እንኳ አይደለም። ሐጂ ትራሳቸውን ተደግፈው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል። «ሁላችሁም ተሳስታችኋል» አሉ ገና ሳንቀመጥ። «ባልየውም አይደለም፣ እህትየዋም አይደለችም፣ ዶክተሩም አይደለም። ውሃ ቀጂው ነው!»

እኔና ጋሽ ተሰማ ተያየን።

«ውሃ ቀጂው!» አሉ ሐጂ እየተደሰቱ። «በመጨረሻ ችሎት ቀርቦ ተናዘዘ፤ ሞት ተፈረደበት። ዝምተኛው ልጅ ነጻ ወጣ። ሕመሙም ለቀቀው። መስተዋት ፊት ቆሞ እኔ ነኝ ሲል ራሱን ማግኘቱ ነው። እንዴት ያለ መጽሐፍ ነው አቦ!»

መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ውሃ ቀጂ አለ፤ አልዋሽም። 1/3 ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጀሪካን ውሃ ያመጣል፣ ደጃፉ ላይ ያስቀምጣል፣ «እግዜር ያሰንብታችሁ» ብሎ ይሄዳል። በቃ። ከዚያ በኋላ ሽታውም የለ። ችሎት የሚባል ነገርም የለም። ጋሽ ተሰማ አፋቸውን ከፈቱ። እግራቸውን በጫማዬ ተረከዝ ረገጥሁት። ተመለከቱኝ፣ ከዚያ መጋረጃውን ተመለከቱ፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ጥሩምባ ሆኖ የኖረው አፍ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ሰውዬውን የዚያን ቀን ያህል ወድጃቸው አላውቅም።

«እኔ እንኳ ገምቼ ነበር» አሉ አቶ ጀማል።

ሐጂ ሣቁና «ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ፤ አላህ ያጣምራቸው» አሉ። ፋቲሓ ተደረገ። ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ሲቀልጥ አቶ ጀማል አለቀሱ፤ እኔም ትንሽ።

ስንወጣ ሐጂ ክንዴን ይዘው በሩ ድረስ ሸኙኝ። ሌሎቹ እስኪርቁ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ሞራው የሸፈነው ዓይኔን ነው፤ ጆሮዬን አይደለም» አሉኝ። «ስታነብልኝ መብራት ጠፍቶ ቬንቲላተሩ ቆሞ ነበር። ዝንብ ቢያልፍ ይሰማል። ልጄ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድም ገጽ ሳትገልጥ አነበበችልኝ።»

«ታዲያ... ሐጂ...» አልኩ።

«ታዲያማ! ስለ አንድ ዝምተኛ ብላ ይህን ሁሉ የተናገረች ልጅ፣ እኔ ከዚህ በላይ ምን እስክትለኝ ልጠብቅ?» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ገቡ።

ጋሽ ተሰማን ሚኒባስ መቆሚያው ላይ ደረስኩባቸውና ይህንኑ ነገርኳቸው። ይሥቃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ፊታቸው አዘነ።

«ውሃ ቀጂውስ?» አሉኝ።

«ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ ትለኛለህ? ሁለት ጀሪካን ውሃ ከማምጣት በቀር ምን አደረገ? ድሃ ስለሆነ፣ ተሟጋች ስለሌለው እሱ ላይ ተላከከ። ከሁሉም ሰው መርጠው እሱን! እኛም ሽማግሌ ተብለን ተቀምጠን ዝም አልን።»

ሠርጉ ግን አማረ። ሳቢር ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ተናገረ፤ ነጃት ለሁለቱም አወራች። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ይመርቁ ተባለና ጋሽ ተሰማ ተነሡ። ውለዱ ክበዱ አሉ፣ ቤታችሁ ይሙላ አሉ፣ የሚያሳጣ ምላስ ይራቅላችሁ አሉ፤ ሰው ሁሉ አሜን፣ አሚን እያለ ተቀበለ። ሊቀመጡ ጎንበስ ካሉ በኋላ በዚያ ድምፃቸው ሊያንሾካሹኩ ሞከሩና «ያንንም ምስኪን ነፍሱን ይማር» አሉ።

እንግዳው ማንን ነው ብሎ ግራ ተጋባ። ከወዲያኛው ጥግ ግን አንድ ሰው ብቻ፣ ሐጂ ዑመር፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጮክ ብለው «አሚን!» አሉ።